የዕጢን ቀለብ የሚያቋርጡ ፕሮቲኖች

የካንሰር ዕጢ የሚያወጡ ሐኪሞች አልፎ አልፎ ግራ የሚያጋባ ነገር ይገጥማቸዋል። ዋናው ዕጢ ተቆርጦ ከወጣ በኋላ፣ እስከዚያ ድረስ ሳንባ ውስጥ ወይም ሌላ አካል ላይ አድፍጠው የኖሩ ጥቃቅን ዕጢዎች በድንገት ማደግ ይጀምራሉ። በቦስተን የሕፃናት ቀዶ ሐኪም የነበሩት ዶክተር ጁዳ ፎክማን ይህን ሲያሰላስሉ አንድ ግምት ላይ ደረሱ፦ ትልቁ ዕጢ ትንንሾቹን የሚገታ ነገር ወደ ደም ይልክ ነበር ማለት ነው።

ፎክማን በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ዕጢ የራሱን የደም ሥር ካላበጀ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር አልፎ እንደማያድግ አስረድተው ነበር። ኦክስጅንና ምግብ ያለ ደም ሥር ሰርገው የሚደርሱት እስከዚያ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ የሚመኝ ዕጢ ደም ሥሮችን የሚያበቅል ፕሮቲን እየረጨ የአካባቢውን ደም ሥሮች ቅርንጫፍ ወደ ራሱ ይስባል። ሐሳቡን ለብዙ ዓመታት የተቀበለ ሰው ጥቂት ነበር።

በ1994 በፎክማን ቤተ ሙከራ ይሠሩ የነበሩት ማይክል ኦራይሊ ዕጢ ካለባቸው አይጦች ሽንት የተጠረጠረውን ነገር አጣርተው አወጡ፤ አንጂዮስታቲን ተባለ፤ የሚሠራውም የደም ሥር እድገትን በመግታት ነው። በ1997 ደግሞ ተመሳሳይ ሥራ ያለው ኢንዶስታቲን ተከተለ። እኔን የሚያስደንቀኝ የሁለቱ ምንጭ ነው። አንጂዮስታቲን የረጋ ደም በማሟሟት ሥራ ላይ ከሚሳተፈው ፕላዝሚኖጅን የተቆረጠ ነው፤ ሙሉው ፕላዝሚኖጅን ግን የደም ሥር እድገትን አይገታም። ኢንዶስታቲን ደግሞ የኮላጅን 18 ጫፍ ነው። ሰውነት ፍሬኑን ሌላ ሥራ ባላቸው ፕሮቲኖች ውስጥ ሸሽጎ ያስቀምጣል።

በአይጦች ላይ ውጤቱ አስደናቂ ነበር። ኢንዶስታቲን እየተደጋገመ ሲሰጥ ዕጢው ቀለጠ፤ መድኃኒቱንም አልተላመደም። የሚመታው እንደ ልቡ የሚለዋወጠውን የካንሰር ሕዋስ ሳይሆን የደም ሥሩን ጤነኛ ሕዋስ ስለሆነ ነው። በግንቦት 1998 ወሬው ኒውዮርክ ታይምስ ፊት ገጽ ላይ ወጣ፤ መድኃኒቱን የያዘው የኢንትሪሜድ ኩባንያ አክሲዮን ዋጋ ተተኮሰ። ፎክማን ራሳቸው ግን የተሳካው በአይጥ ላይ ብቻ መሆኑን ደጋግመው ያሳስቡ ነበር።

ያሉትም አልቀረ። በሰው ላይ ሲሞከር ኢንዶስታቲን ከባድ ጉዳት ባያደርስም ዕጢውን በሚገባ አላሳነሰም። ቻይና በ2005 የተሻሻለ ዓይነቱን ከሌላ መድኃኒት ጋር ለሳንባ ካንሰር ፈቀደች። የፎክማን ሐሳብ በአሜሪካ ፍሬ ያፈራው በሌላ መንገድ ነው፤ በ2004 ለአንጀት ካንሰር የተፈቀደው አቫስቲን ደም ሥር አብቃዩን ፕሮቲን የሚያስር፣ በቤተ ሙከራ የተሠራ ፀረ እንግዳ አካል ነው። እሱም ዕድሜ የሚያራዝመው በወራት ነው።

ከዚህ ሳይንስ ጥግ የበቀለ ንግድም አለ። ልም አጥንት የደም ሥር የለውም፤ ተመራማሪዎችም ከእሱ የደም ሥር እድገትን የሚገታ ነገር አውጥተዋል። ነጋዴዎች ይህን ይዘው «ሻርክ ካንሰር አይዘውም» በማለት የሻርክ ልም አጥንት ዱቄት በእንክብል መሸጥ ጀመሩ። ሻርክ ካንሰር ይይዘዋል። የተዋጠ ፕሮቲንም ጨጓራና አንጀት ውስጥ ይፈጫል፤ በታማሚዎች ላይ የተደረጉ ሙከራዎችም ዕድሜ እንደሚያራዝም አላሳዩም። ለታመመ ዘመዳችሁ ይህን እንክብል ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ገንዘቡን ለሕክምናው አውሉት።