«የኔ ክፍል አይደለም»

ከጥቂት ዓመታት በፊት ዱባይ ውስጥ በአንድ የዕቃ አስተላላፊ ድርጅት ሰነድ ክፍል እሠራ ነበር። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ስልክ ተደወለ። ደዋይዋ ዳቦ ቤት ለመክፈት ምድጃና ማቡኪያ ማሽን ያስጫኑ ወይዘሮ ናቸው። «ልጄ፣ አማርኛ የሚናገር ሰው አለ ብለውኝ ነው የደወልኩት። ዕቃዬ ሞጆ ደርሶ ቆሟል። ወረቀቱ 14 ሳጥን ይላል፣ ኮንቴይነሩ ሲከፈት 16 ተገኘ አሉኝ። እንዴት ነው ነገሩ?» አሉኝ።

ፋይሉን ስከፍተው 14 ብሎ የጻፈው ሰው እኔው ነኝ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ወደኋላ ሄጄ አጣራሁ። ምድጃው በአንድ ሳጥን አልገባ ስላለ ሻጩ በሦስት ከፍሎ አሽጎታል። አዲሱን ፓኪንግ ሊስትም ለሽያጭ ሠራተኛችን ልኳል። እሱ ደግሞ ጭነቱ እንዳያመልጥ ስለቸኮለ ለመጋዘን ብቻ አስተላለፈው። መጋዘኑ 16 ቆጥሮ ተረከበ፣ 16 ጫነ፣ መዝገቡም ላይ 16 ብሎ ጻፈ። እኔ ጋ ያለው ግን የመጀመሪያው ፓኪንግ ሊስት ነበር። 14 ይላል፣ 14 ጻፍኩ። ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ ሕንፃ ውስጥ፣ በአንድ ኮሪደር ግራና ቀኝ ተቀምጠው ሳይገናኙ ጅቡቲ ገቡ።

ይህን የማነሳው ሎጂስቲክስ ለምታጠኑ፣ በዘርፉ ለምትሠሩ፣ ወይም ወደ አገር ቤት ማሽን ለመላክ ለምታስቡ ወገኖች ነው። ብዙዎቻችን ዕቃ የሚዘገየው በባሕርና በወደብ ይመስለናል። እርግጥ ኢትዮጵያ ወደብ የላትም። ገቢ ዕቃዋ በአብዛኛው በጅቡቲ በኩል ነው የሚመጣው። ከጅቡቲ አዲስ አበባም የባቡር መስመሩ ብቻ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኔ በሥራዬ ካየሁት መዘግየት ብዙው የጀመረው ግን ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲታለፍ ነው።

ለመሆኑ እንዲህ ዓይነት ድርጅት ውስጡ ምን ይመስላል? ዕቃ አስተላላፊ ብዙ ጊዜ የራሱ መርከብም አውሮፕላንም የለውም። የሚሸጠው የማቀናጀት ሥራ ነው። ሽያጭ ክፍል ደንበኛ ያመጣል። ዋጋ ክፍል ከመርከብና ከአየር መንገድ ድርጅቶች ዋጋ ገዝቶ ትርፍ ጨምሮ ያቀርባል። ያ ዋጋ የሚያበቃበት ቀን አለው። ደንበኛው ዘግይቶ እሺ ካለ ዋጋው ሌላ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ኦፕሬሽን ይመጣል፤ እሱም ለባሕርና ለአየር ይከፈላል። ሁለቱ አንድ ዓይነት ሥራ አይደሉም። የአየር ጭነት ሰው በሰዓት ይሮጣል። የሚያሰላውም በኪሎ ብቻ አይደለም፤ በተለመደው ስሌት 1 ሜትር ኩብ ቦታ የሚይዝ ዕቃ ቀላል ቢሆንም እንደ 167 ኪሎ ይቆጠራል። ፍራሽ በአውሮፕላን ለመላክ ጠይቆ በዋጋው የደነገጠ ሰው ይህን ያውቃል። የባሕር ጭነት ሰው ደግሞ መርከቡ ሰነድ የሚቀበልበትን የመጨረሻ ሰዓት ይጠብቃል። ከጁላይ 1 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተረጋገጠ ክብደቱ ያልቀረበ ኮንቴይነር መርከብ ላይ ስለማይጫን፣ ያንንም በጊዜ ማድረስ አለበት። የራሳቸውን ኮንቴይነር መሙላት የማይችሉ ደንበኞችን ዕቃ በአንድ ላይ የሚጭን ክፍልም አለ። እዚያ አንዱ ደንበኛ ወረቀቱ ካልተሟላ የሌሎቹም ዕቃ አብሮ ሊያዝ ይችላል።

ሰነድ ክፍል ቢል ኦፍ ሎዲንግ ወይም ኤርዌይ ቢል ያዘጋጃል። ጉምሩክ ክፍል፣ አገር ቤት ትራንዚተር የምንለው፣ ዲክላራሲዮን ይሞላል። መጋዘን ይቆጥራል፣ ትራንስፖርት ያጓጉዛል። ሒሳብ ክፍል ዕዳ ይሰበስባል፤ ክፍያ ካልገባ ሰነድ እንዳይለቀቅ ያግዳል። በመድረሻ አገር ያለውም ወኪል ቢሮው ሩቅ ይሁን እንጂ በሥራው አንዱ ክፍል ነው።

እንዲህ መከፋፈሉ ያለ ምክንያት አይደለም። ቢል ኦፍ ሎዲንግ ተራ ወረቀት አይደለም፤ ዕቃውን ለመረከብ የሚያበቃ ሰነድ ነው። ቀኑን ሙሉ እሱን ብቻ የሚሠራ ሰው ስህተቱ ያንሳል። ዋጋ የሚደራደረውና ገንዘብ የሚከፍለው ሰው መለያየታቸውም ከብልሹ አሠራር ይጠብቃል። ስለዚህ ክፍሎቹ ይፍረሱ አልልም። ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ ፋይሉ የማን ነው?

በኛ ድርጅት መልስ አልነበረውም። የወይዘሮዋን ጉዳይ ይዤ ከክፍል ክፍል ዞርኩ። ሽያጭ «እኔ አሳውቄያለሁ» አለ። መጋዘን «እኛ በትክክል ነው የቆጠርነው» አለ። የኔው አለቃ «በደረሰን ወረቀት ነው የሠራነው፣ አንተም አታስብ» አለኝ። ሒሳብ ክፍል ደግሞ ፋይሉን ዘግቶታል። ሁሉም እውነት ተናግሯል። እኔም «የኔ ክፍል አይደለም» ብዬ አውቃለሁ፤ ያን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንደተናገርኩት የገባኝ ከሌሎች አፍ ስሰማው ነው።

ከወጣ በኋላ ቢል ኦፍ ሎዲንግ ማረም በስልክ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ኦሪጅናሎቹ በባንክ በኩል ሄደዋል። የመርከብ ድርጅቱም ማኒፌስቱን አስተካክሎ ማረጋገጫ መስጠት አለበት። ይህ ሁሉ እስኪሆን የኮንቴይነሩና የግቢው ሒሳብ በየቀኑ ይቆጥራል። ካሳ ይከፈላቸው ብዬ ጠየቅኩ። በውላችን ጀርባ ላይ በደቃቅ ፊደል የሰፈረው አንቀጽ ለመዘግየት ኃላፊነት አንወስድም ይላል። ወይዘሮዋ ለመጀመሪያው ዱቄት መግዣ ካስቀመጡት ላይ ከፈሉ። ከእኛ አንድም ሰው አንድ ሳንቲም አልከፈለም።

በኋላ ወደ ሌላ ድርጅት ተዛወርኩ። እዚያም እነዚሁ ክፍሎች አሉ፤ ግን እያንዳንዱ ጭነት ስሙ ፋይሉ ላይ የተጻፈ አንድ ባለቤት አለው። ባለቤቱ ሁሉንም ራሱ አይሠራም። ከመጋዘን የመጣውን ቁጥርና ሰነዱ ላይ ያለውን ቁጥር ጎን ለጎን ሳያይ ግን ረቂቁ አይጸድቅም። በስልክ የመጣ ለውጥ በጽሑፍ ሆኖ ፋይሉ ውስጥ ካልገባ እንዳልመጣ ይቆጠራል። መጀመሪያ ላይ «ይህ ሥራ ማብዛት ነው» ብዬ አጉረምርሜ ነበር። የሚፈጀው ጊዜ ግን ጥቂት ደቂቃ ነው፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እንዳይደርስ።

ዕቃ ለምትልኩ፦ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት «ፋይሌን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚይዘው ማነው?» በሉ። ስምና ስልክ ካልሰጧችሁ፣ ርካሽ ዋጋው በኋላ ሊወደድባችሁ እንደሚችል እወቁ። የቢል ኦፍ ሎዲንጉን ረቂቅ ሳያሳዩአችሁ እንዳያወጡት ንገሯቸው፤ ስም፣ የሳጥን ብዛት፣ ክብደት አንድ በአንድ ከፓኪንግ ሊስታችሁ ጋር አስተያዩ። አንዲት ነገር ከለወጣችሁም በስልክ ብቻ አትተዉት፣ ጻፉ።

በዘርፉ ሥራ ለምትጀምሩ ወጣቶች ደግሞ፦ ክፍላችሁን ጠንቅቃችሁ ከማወቃችሁ ጋር፣ መጋዘን ሄዳችሁ አንድ ኮንቴይነር ሲጫን ቆማችሁ እዩ። ሒሳብ ክፍል ለምን ሰነድ እንደሚያግድ ጠይቁ። እኔ ያኔ መጋዘናችን የት እንዳለ አውቅ ነበር እንጂ ገብቼበት አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ገብቼ ቢሆን ኖሮ፣ ቢያንስ ደውዬ «ስንት ቆጠራችሁ?» የምለው ሰው ይኖረኝ ነበር።

ወይዘሮዋ ዳቦ ቤቱን ዘግይተውም ቢሆን ከፍተዋል። ደውዬ ይቅርታ ስጠይቃቸው «አንተ ምን አደረግክ ልጄ፣ የደረሰህን ነው የጻፍከው» አሉኝ። አለቃዬም ያለኝ ይህንኑ ነበር። እሳቸው ሲሉት ግን አፈርኩ።