ልጅ በዕድሉ ይማራል? የቤተሰብ ብዛትና ትምህርት፦ ተረትና እውነታ

መስከረም ሲጠባ፣ ከአምቦ እስከ ጊንጪ ባሉ ገበያዎች ደብተር የሚገዛ ወላጅ ልጆቹን በጣቱ ይቆጥራል። ስለ ልጅ ብዛትና ስለ ትምህርት የሚወራው ሁሉ ግን እውነት አይደለም።

ተረት፦ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል፤ ትምህርቱም በነፃ ነው።»
እውነታ፦ የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል የትምህርት ክፍያን አስቀርቷል። ደብተር፣ ዩኒፎርምና ጫማ ግን የወላጅ ዕዳ ናቸው። ወጪው የሚከብደው ሁለተኛ ደረጃ ላይ ነው። ትምህርት ቤቱ የራቀበት የገጠር ተማሪ አምቦ ወይም ጌዶ ቤት ተከራይቶ፣ ከቤቱ ስንቅ እየተቋጠረለት ይማራል። ወንድምና እህት አንድ ክፍል ቢጋሩም ስንቁ የየራሳቸው ነው።

ተረት፦ «ልጅ ከበዛ ትምህርት የግድ ይበላሻል።»
እውነታ፦ የግድ አይደለም። በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ የኖርዌይ ጥናት፣ የልደት ተራ ሲታሰብ የቤተሰብ ብዛት ተጽዕኖ ከሞላ ጎደል እንደሚጠፋ አሳይቷል። እዚያ ግን የትምህርቱን ወጪ በአብዛኛው የሚሸከመው መንግሥት ነው። እኛ ዘንድ ሸክሙ የሚወድቀው በጤፉና በከብቱ ላይ ነው። ያም ሆኖ ማንበብ የቻለ ታላቅ ለታናሹ የቤት አስተማሪ ይሆናል።

ተረት፦ «ጉዳቱ ለሁሉም ልጅ እኩል ነው።»
እውነታ፦ ቤት ውስጥ ሕፃን ሲጨመር አብዛኛውን ጊዜ ከክፍል የምትቀረው ታላቋ ሴት ልጅ ናት፤ ሕፃኑን ታዝላለች፣ ውኃ ትቀዳለች። ወንዱ ከብት ይጠብቃል፣ በአጨዳና በውቂያ ወቅትም ይቀራል። ቀሪው ሲደጋገም ክፍል መድገም ይመጣል፤ ከዚያ ማቋረጥ።

ተረት፦ «የልጅ ብዛት ትምህርትን ይወስናል እንጂ ትምህርት የልጅን ብዛት አይወስንም።»
እውነታ፦ ዝምድናው በሁለቱም አቅጣጫ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ አንዲት ያልተማረች ኢትዮጵያዊት በዕድሜዋ በአማካይ 5.7 ልጆች ስትወልድ፣ ከሁለተኛ ደረጃ በላይ የተማረችው 1.9 ትወልዳለች። በኦሮሚያ አማካዩ 5.4፣ በአዲስ አበባ 1.8 ነበር። የከተማ ኑሮና የጋብቻ ዕድሜም ድርሻ አላቸው።

ተረት፦ «አራርቆ መውለድ ለእናት ጤና ብቻ ነው።»
እውነታ፦ የዓለም ጤና ድርጅት ከወሊድ በኋላ ቀጣዩ እርግዝና ቢያንስ 2 ዓመት እንዲቆይ ይመክራል። ልጆች ሲራራቁ የደብተሩም የኪራዩም ወጪ በየተራ ይመጣል። የወሊድ መቆጣጠሪያ በጤና ኬላ በነፃ ይሰጣል።

ስንት ልጅ እንደሚወለድ የባልና የሚስት ውሳኔ ነው። የተወለዱት እንዲማሩ ግን የቤቱን ሥራ ለወንዱም ለሴቷም አካፍሉ፤ በገበያ ቀን ሴት ልጃችሁን ከክፍል አታስቀሩ።