ሶንጎውና ማዘጋጃ ቤቱ

ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና 360 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ ዲላ ይደርሳል። ከከተማዋ ወጥቶ ወደ ጌዴኦ መንደሮች የዘለቀ ሰው ደግሞ እንሰትና ቡና በታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር ጎን ለጎን በቅለው ያያል። ሶንጎውንም የሚያገኘው በዚያው መካከል ነው። ሶንጎ የመንደሩ ሸንጎ ነው፤ ጠበኞች የሚታረቁት፣ የጋራ ጉዳይ የሚመከረው በዚያ ነው። ከበላዩም በባሌ ሥርዐት በየ8 ዓመቱ የሚፈራረቀው አባ ገዳ አለ።

ይህ የገጠር ነገር ለከተማ ምን ይበጃል የሚል አንባቢ አይጠፋም። ለዚህ ጠያቂ ቪዬናን እንጥቀስለት።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ የቪዬና ሠራተኛ በጠባብ ክፍል ተፋፍጎ ይኖር ስለ ነበር፣ የሳንባ ነቀርሳ «የቪዬና በሽታ» እስከ መባል ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1919 የተመረጠው የከተማ ምክር ቤት ሥራውን የጀመረው በዚህ ጊዜ ነው። የገንዘብ ኀላፊው ሁጎ ብራይትነር በአውቶሞቢልና በቤት አሽከር ሳይቀር በቅንጦት ሁሉ ላይ ግብር ጣሉ። ባለጠጎቹ አጥብቀው ጠሏቸው፤ ነገር ግን እስከ 1934 ድረስ ከ60,000 የሚበልጥ መኖሪያ ተሠራ። በ1930 የተመረቀው ካርል ማርክስ ሆፍ ብቻውን 1,382 መኖሪያዎች ነበሩት። በግቢው ውስጥ መታጠቢያ፣ የልብስ ማጠቢያ፣ የሕፃናት መዋያ፣ ቤተ መጻሕፍትም ነበሩ። ስመ ጥሩው የሙዚቃ ደራሲ አንቶን ቬበርንም ለሠራተኞች የተዘጋጀውን ኮንሰርት ይመራ ነበር።

በየካቲት 1934 የመንግሥት ጦር በዚያ ሕንፃ ላይ መድፍ ተኰሰ፤ ከንቲባው ካርል ዛይትስም ታሰሩ። ቤቶቹ ግን ዛሬም ሰው ይኖርባቸዋል።

እኔን የሚደንቀኝ ከቤቶቹ ብዛት ይልቅ ሰው ከሚያድርበት ደጃፍ መጽሐፍና መሰብሰቢያ ማግኘቱ ነው። ሶንጎውም ይኸው ነው፤ ፍርዱም ጨዋታውም ከጎረቤት አይርቅም። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እንግዲህ ለሱቅ፣ ለመኖሪያና ለመንገድ በከተማ ካርታ ላይ መስመር ሲሰመር፣ ለሶንጎም ጥላ ያለው ቦታ ቢከለል ምን ይጎዳል?

በእርግጥ የሶንጎው ወንበር በባህል በአብዛኛው የወንድ ሽማግሌዎች ነው። የቪዬና ሴቶች በ1919 ድምፅ ሰጥተዋል፤ እንሰቱን የሚፍቁት፣ ቡናውን የሚለቅሙት እናቶችም የሚሉት አላቸው።