አሮጌዋ ዲቲ ትቆይ ወይስ ትሸኝ?

የዝውውር ወቅት ሲደርስ እያንዳንዱን ክለብ የሚያስጨንቅ አንድ ጥያቄ አለ። የአንጋፋው ውል ይታደስ ወይስ በክብር ይሸኝ? ሰሞኑን ይኸው ጥያቄ እኔም ደጅ መጥቷል። የኔ አንጋፋ ግን ኳስ አይጫወትም። ከኋላዋ ሰማያዊ ጭስ የምትተፋ ያማሃ ዲቲ 125 ሞተር ሳይክል ናት።

ወለጋን የሚያውቅ ዲቲን ያውቃል። የጤናና የግብርና ሠራተኛው፣ የእርዳታ ድርጅት ባልደረባው ጭቃውን ሲሻገርባት ኖሯል። የዘር ሐረጓ እ.ኤ.አ. በ1968 ያማሃ ለገበያ ካቀረባት ዲቲ-1 ይመዘዛል። የኔዋ በሳምንቱ መጨረሻ የአምቦን፣ የባኮንና የነቀምቴን መስመር አብራኝ ስትጨርስ ከርማለች። አንዳንዱ ሰው ስታዲየም ይገባል፤ እኔ ደግሞ ሄልሜቴን አጥልቄ ወደ ምዕራብ እወጣለሁ።

ዴዴሳ ላይ የተነሳ ጥያቄ

ነገሩ የተጀመረው ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ ስጓዝ ነው። ነቀምቴ ከባህር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ከዚያ መንገዱ ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሙቀቱም በዚያው ልክ ይጨምራል። እኔ ሆዬ ነዳጅ ለመቆጠብ ብዬ ጋዙን ዘግቼ በማርሽ ብቻ ስወርድ፣ ሳላስበው ሞተሯ ጮኸችና የኋላ ጎማዋ ቀጥ ብሎ ቆመ። እጄ ከሐሳቤ ቀድሞ ፍሪሲዮኑን ባይጨብጥ ኖሮ ይህን ጽሑፍ የሚጽፈው ሌላ ሰው በሆነ ነበር።

ዲቲዬ በአይሱዙ ተጭና ነቀምቴ ተመለሰች። ሁላችንም "ኦቦ" እያልን የምንጠራቸው አንጋፋ መካኒክ ሲሊንደሩን ከፈቱ። ፒስተኑ ተፍቋል፣ ፋሻው ተጣብቋል።

"ልጄ፣ ጋዝ ዘግተህ ነው የወረድከው?" አሉኝ።

"አዎ ኦቦ" አልኩ፤ ከዚያ በላይ የምለው አልነበረኝም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በቱ ስትሮክ ሞተር ፒስተኑን የሚያለሰልሰው ዘይት ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ይገባና አብሮ ይቃጠላል። ጋዝ ሲዘጋ ዘይቱም ይቀንሳል። ስለዚህ ረጅም ቁልቁለት ላይ ሞተሩ እየፈጠነ ቅባቱ ያንሳል ማለት ነው። በፎር ስትሮክ ግን ዘይቱ ታች ተጠራቅሞ ለብቻው ስለሚዘዋወር ይህ ችግር የለም። በዚያ ላይ ቁልቁለት ላይ ማርሹ ራሱ ሞተሩን ጠበቅ አድርጎ ይይዛል።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው

ጓደኞቼ ወዲያው ፈረዱ። "ሽጣትና ቦክሰር ግዛ!" እውነት አላቸው። ቦክሰር ፎር ስትሮክ ናት፣ ቤንዚን ትቆጥባለች፣ መለዋወጫዋም እንደ ዲቲ ተፈልጎ የሚጠፋ አይደለም። ትናንት ጭቃና አቧራ የነበሩ የወለጋ መንገዶች ብዙዎቹ አስፋልት ስለለበሱ፣ የዲቲ ከፍታና ጠንካራ አሞርዛተር እንደ ድሮው አያስፈልግም።

ግን ስሜትን ትተን በቁጥር እንነጋገር። የኔዋ በአንድ ሊትር 25 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። አዲሷ 45 ትሄዳለች እንበል። ከአዲስ አበባ ነቀምቴ ወደ 330 ኪሎ ሜትር ነው። ዲቲዋ 13 ሊትር ከምናምን ትጠጣለች፤ አዲሷ ሰባት ሊትር ከምናምን ይበቃታል። ልዩነቱ ስድስት ሊትር ገደማ ነው። ታህሳስ 30 ቀን 2017 ዓ.ም በወጣው የ101 ብር ከ47 ሳንቲም ዋጋ ብናሰላው ወደ 600 ብር ይሆናል፣ ደርሶ መልስ 1,200 ብር። በዓመት አራት ጊዜ ለምጓዝ ሰው 4,800 ብር ብቻ ነው። በዚህ ቁጠባ ከመቶ ሺህ ብር በላይ የሚያወጣ አዲስ ሞተር ለመመለስ ከሃያ ዓመት በላይ ሊፈጅብኝ ነው!

በቀን 100 ኪሎ ሜትር እየሠራ እንጀራውን የሚያበስል ሰው ሒሳቡ ሌላ ነው። በዚያው ዋጋ በቀን 180 ብር፣ በ300 የሥራ ቀን 54 ሺህ ብር ያተርፋል። እሱ ዛሬውኑ ይቀይር፤ ክርክር የለውም።

አዲሷን የሚያስቡ ሁሉ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ በየ1 ሺህ ሜትሩ የሞተር ጉልበት አንድ አስረኛ ያህል ይቀንሳል። ወረቀቱ ላይ 12 የፈረስ ጉልበት ያላት ሞተር ነቀምቴ ላይ አሥር ገደማ ናት። ሰውና ሻንጣ ጭነው ዳገት ሲወጡ "አዲስ ገዝቼ ምን ሆነች?" ብለው እንዳይደነግጡ።

አንጋፋ ሁሉ አይሸኝም

ከዓለም ልምድም እንጥቀስ። እንግሊዛዊው ቴድ ሳይመን እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በትራያምፍ ሞተር ዓለምን ሲዞር በኢትዮጵያም አልፏል። እ.ኤ.አ. በ2001፣ በ69 ዓመቱ ጉዞውን ሲደግም የመረጠው የጊዜውን አዲስ ሞዴል ሳይሆን ፋብሪካው ማምረቱን ያቆመውን ቢኤምደብሊው አር 80 ጂኤስ ነበር።

የራሳችን ቀነኒሳ በቀለም አለ። ብዙዎች "አበቃለት" ሲሉት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:01:41 ጨርሶ ለዓለም ክብረ ወሰን ሁለት ሰከንድ ብቻ ቀረው። አንጋፋ መሆን ብቻውን ለስንብት አያበቃም። ጥያቄው ሰውነቱ ውስጥ ምን ቀርቷል የሚለው ነው።

ኦቦም የለኩት ይህንኑ ነው። የዲቲ ሲሊንደር ሲበላ ቶርኖ ቤት ገብቶ ይሰፋና ከፍ ያለ ልክ ያለው ፒስተን ይገባለታል። መጀመሪያ በ0.25፣ ቀጥሎ በ0.50 ሚሊ ሜትር። የኔዋ የመጀመሪያውን ከዓመታት በፊት ጨርሳለች።

"አንድ ቀርቷታል" አሉኝ ኦቦ። "ከዚህ በኋላ ብትነክስ ግን ለልጅህ አታውርሳት።"

ውሳኔው

ስለዚህ የአንድ ጊዜ ውል ፈርሜላታለሁ። ሲሊንደሩ ይሰፋል፣ ካቴናዋና ጥርሶቹ ይቀየራሉ፣ የፍሬን ሸራዋ ይታደሳል። ገንዘቡ ግን ቁርጥ ያለ ነው። ከአዲስ ሞተር ዋጋ ሩብ ካለፈ ውሉ ፈረሰ። ቀጥሎ የሚመጣው ጥገና ደግሞ የስንብት ጨዋታዋ ይሆናል።

እርስዎም እንዲህ ዓይነት አሮጊት ካለዎት ሦስት ነገር ያስለኩ። ሲሊንደሩ ስንት ልክ ቀርቶታል? ሻሲው ተሰንጥቆ ተበይዷል ወይስ ደህና ነው? በሚጓዙበት ከተማ ፒስተኗንና ፋሻዋን የሚያገኝልዎት ሰው አለ? ለሁለቱ እንኳ መልሱ ካላማረ ይሽጧት፤ ፍቅር ብቻውን ቁልቁለት አያስወርድም።

ባለፉት ዓመታት በወለጋ የነበረውን የጸጥታ ችግር የምናውቅ ሁሉ ደግሞ፣ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ማምሸት የሒሳብ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ እናውቃለን። መንገዱን ጠይቆ በማለዳ መነሳት፣ ቀን ሳይመሽ መግባት ነው። ዴዴሳ ቁልቁለት ላይም ጋዙን በየመሐሉ ፈንጠቅ እያደረጉ፣ ሁለት ጣትዎን ከፍሪሲዮኑ ላይ ሳያነሱ!