ባለጉልት ማን ነበር? ከይፋት እስከ ጃቫ



ባለፈው የሴሚስተር እረፍት ቀወት ገብቼ ከአያቴ ጋር ስናወጋ፣ አባታቸው ካመረቱት ማሽላ ግማሹን ለባለመሬቱ ይሰፍሩ እንደነበር ነገሩኝ። «ታዲያ ዛሬስ የእኩል የሚያርስ የለም ወይ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «አለ፤ ግን የዛሬው ባለመሬት ዳኛህ አይደለም» አሉኝ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ መልስ ነው።

በድሮው ሥርዓት ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ርስት በዘር የሚወረስ የመሬት መብት ነው። ጉልት ግን ንጉሡ ለመኳንንት፣ ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለወታደር በደመወዝ ፋንታ የሚሰጠው፣ በመሬቱ ላይ ከሚኖረው ገባር ግብር የመሰብሰብ መብት ነው። ባለጉልቱ አነስተኛ ጉዳዮችን ይዳኛል፤ ገባሩም ሁዳድ ያርስለታል፣ አጥር ያጥርለታል፣ እህል ያጓጉዝለታል። ግብር ተቀባዩና ዳኛው አንድ ሰው ከሆነ ገባሩ አቤት የሚለው ወዴት ነው? የበደሉ ሥር እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ የሃይማኖት ብቻ እንዳልነበረም ልብ እንበል። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ይፋትን ያስተዳድሩ የነበሩት ሙስሊሙ ወላስማ መሐመድ ናቸው። ጌታው ማንም ይሁን ገባሩ ገባር ነው። ሆኖም በሰሜኑ ደጋ ብዙ ሙስሊሞች የርስት መብት ስለተነፈጉ ኑሯቸው በሽመናና በንግድ ላይ እንደተመሠረተ የታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል።

ይህ የእኛ ብቻ ታሪክ አይደለም። የሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በጃቫ ደሴት፣ በዛሬዋ ጃካርታ ዙሪያ፣ ሰፋፊ መሬቶችን ከነነዋሪዎቻቸው ለግለሰቦች ሸጧል። ገዢዎቹ «ቱዋን ታናህ»፣ ማለትም የመሬት ጌታ ይባሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1836 የወጣው ደንብ ከገበሬው ምርት አንድ አምስተኛውን እንዲወስዱ ፈቀደላቸው፤ ያለ ክፍያ ያሠሩም ነበር። አብዛኛው ገበሬ ሙስሊም ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 በቦጎር አቅራቢያ የቺዮማስ ገበሬዎች አመፁ። ሥርዓቱ በሕግ ጨርሶ የተሻረው ግን ከነጻነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1958 ነው።

ልዩነቱን ከፊቅህ አንጻር እንየው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የኸይበርን መሬት ነዋሪዎቹ አልምተው ከምርቱ ግማሹን እንዲሰጡ ተስማምተዋል። ዑለማዎች ሙዛረዓን በሚመለከት ዝርዝሩ ላይ ቢለያዩም፣ የፈቀዱት ይህን መረጃ አድርገው ነው። ስለዚህ የእኩል ማረስ በራሱ በደል አይደለም። በደል የሚሆነው አንዱ ወገን እምቢ ማለት ሳይችል ሲቀር ነው። የሰው መሬት ስንዝር ታህል እንኳ በግፍ መውሰድ በአኺራ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በሐዲስ ተነግሮናል።

በአገራችን ጉልት በአዋጅ የቀረው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ጭሰኛው ግን እኩል፣ ሲሶ ወይም ኢርቦ መክፈሉን ቀጠለ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በየካቲት 1957 ዓ.ም.፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ወጥተዋል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ደግሞ ሙስሊሞች በአዲስ አበባ ታላቅ ሰልፍ አድርገው እኩል የዜግነት መብት ጠየቁ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የጭሰኛና የባለመሬት ግንኙነትን ሻረ፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠውም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። የአያቴ አባት መሬት ያገኙት ያኔ ነው።

ዛሬ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገበሬው የይዞታ ደብተር አለው። ጉልበት ያነሳቸው አዛውንቶችና ባሎቻቸው የሞቱባቸው እናቶች የእኩል ይሰጣሉ፤ መሬት ያልደረሰው ወጣት ያርሳል። አሁን ደካማው ወገን ብዙ ጊዜ ባለመሬቷ ናት፤ በቃል ብቻ ሰጥታ ምርቱ ሲሰፈር የምትከራከርበት ማስረጃ የላትም። ቁርኣን በአል-በቀራ ምዕራፍ ዱቤን በጽሑፍና በምስክር እንድናደርግ ያዘናል። እኛ ተምረናል፤ እረፍት ስንገባ የጎረቤቶቻችንን ውል ብንጽፍላቸው፣ ምስክር ብናቆምላቸው፣ በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ብናስመዘግብላቸው ምን ይከብደናል? አያቴ ዳኛ ያሉት ነገር ዛሬ በአንድ ወረቀት ላይ ሊገኝ ይችላል።

ወላሁ አዕለም።