የሀብሩ ቀበሌዎች በአየር መረብ ቢገናኙ፤ የመረቡ ጣቢያ እምቢ ሲል ምን ይደረጋል?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ በኩል ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ የሚሌን ወንዝ እንደተሻገረ የሀብሩን ወረዳ ይይዛል። ውርጌሳን አልፎ የወረዳው ዋና ከተማ መርሳ ይደርሳል፤ ከመርሳም ስሪንቃን አቋርጦ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ የሰሜን ወሎ ዞን መዲና ከሆነችው ወልድያ ይገባል። በዚህ አውራ ጎዳና ዳር የሚኖር ሰው ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ካሻው ጋር ይነጋገራል። ከጎዳናው ርቆ በስተምዕራብ ወደ ደጋው፣ በስተምሥራቅ ወደ አፋር ቆላ የሚኖረው ግን አንድ መልእክት ለመላክ ጉብታ ላይ መውጣት ወይም ወደ ገበያ የሚወርድ ሰው መጠበቅ የሚገባው ጊዜ ብዙ ነው።

ለወሎ ገበሬ የመልእክት መዘግየት ተራ ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን የፈጀው ረሀብ ተደብቆ የቆየ ሲሆን፣ ከቀዬው የተፈናቀለው ሕዝብ በአውራ ጎዳናው ዳር ፈስሶ እስኪታይ ድረስ ከየገጠሩ ጩኸቱን የሚያሰማበት መስመር አልነበረውም። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ የበረሃ አንበጣ በሰሜን ወሎ ቆላማ ወረዳዎች በደረሰ ማሽላ ላይ በወረደ ጊዜ፣ መንጋው የት እንዳደረና ወዴት እንደሚነሣ ከቀበሌ ቀበሌ ቶሎ መነጋገር አዝመራ የማዳንና ያለማዳን ጉዳይ ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ጦርነቱ ወልድያንና አካባቢዋን ሲያዳርስ ስልክና መብራት ተቋርጦ፣ እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድረስ ብዙ ሰው የዘመዱን ወሬ ሳይሰማ ከርሟል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ቆይቷል።

በሌሎች አገሮች ይህን የመሰለውን ችግር ለማቃለል ገጠሬው ራሱ ከተከላቸው ዘዴዎች አንዱ የማኅበረሰብ ሽቦ አልባ መረብ ነው። በኔፓል ተራሮች ናንጊ በምትባል መንደር ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ማሃቢር ፑን የተባሉ መምህርና የመንደሩ ሰዎች መቀባበያ መሣሪያዎችን በዛፍ ላይ ሳይቀር እየሰቀሉ መንደሮችን አገናኝተዋል። በስፔን ካታሎኒያ በ2004 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጀመረው ጊፊ ኔት ዛሬ ከ30,000 በላይ ጣቢያዎች አሉት። በደቡብ አፍሪካ ምሥራቃዊ ኬፕ ደግሞ የማንኮሲ ነዋሪዎች ዜንዜሌኒ የተባለ የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው መረቡን የራሳቸው አድርገዋል።

ከአፋፍ ለአፋፍ

አሠራሩ ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። በአንዱ አፋፍ የቆመ ሰው ለወዲያኛው አፋፍ ይጣራል፤ የወዲያኛው የሰማውን ተቀብሎ ለቀጣዩ ያደርሳል። የመረቡ ጣቢያም እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ ጣቢያ አንድ ትንሽ የሬዲዮ መሣሪያ፣ አንቴናና የኃይል ምንጭ ያለው ሆኖ፣ ከጎረቤቱ የተቀበለውን መልእክት ለሚቀጥለው ያቀብላል። አንዱ ጣቢያ ቢወድቅ መልእክቱ በሌላው በኩል ዞሮ ይደርሳል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር አስቀድሞ መታወቅ አለበት። መረቡ በራሱ ኢንተርኔት አይፈጥርም፤ ከዋናው መስመር የመጣውን ያከፋፍላል እንጂ። ዋናው መስመር ሲቋረጥ ከአዲስ አበባ ጋር መነጋገር አይቻልም። ነገር ግን መልእክት የሚያስቀምጥ ኮምፒዩተር ከመረቡ ውስጥ ካለ፣ ጤና ኬላው ከጤና ጣቢያው፣ ትምህርት ቤቱ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጋር መልእክት መለዋወጡን ይቀጥላል።

መጀመሪያ ኃይሉን መመርመር

ጣቢያ ተተክሎ አልሠራ ሲል ብዙ ሰው ወዲያውኑ የመሣሪያውን አሞላል መነካካት ይጀምራል። ይህ ስሕተት ነው። ምርመራው ከታች ወደ ላይ፣ ማለትም ከኃይል ወደ ገመድ፣ ከገመድ ወደ አንቴና፣ ከአንቴና ወደ አሞላል ሊሄድ ይገባዋል።

መብራት በሌለበት ቀበሌ ጣቢያው የሚሠራው በፀሐይ ኃይል ነው። 6 ዋት የሚፈጅ መሣሪያ ሌሊትና ቀን ሲሠራ በቀን 144 ዋት ሰዓት ይወስዳል። ሁለት ቀን ደመና ቢሆን እንዳይጠፋ፣ ባትሪውም ከግማሽ በታች እንዳይራቆት ከተፈለገ፣ 12 ቮልት የሆነ 48 አምፒር ሰዓት ያህል የሚይዝ ባትሪ ያስፈልጋል። ፀሐይ በቀን አራት ሰዓት ተኩል ያህል በሙሉ ኃይሏ ትሰጣለች ብንል፣ የሚባክነው ተቀንሶ ሶላሩ ከ46 ዋት ማነስ የለበትም፤ 60 ዋት ቢሆን ለክረምቱ ያስተማምናል።

ማታ ማታ እየጠፋ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ የሚነሣ ጣቢያ ችግሩ ከባትሪው ነው። አርፎ የቆየ ባለ 12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ ሙሉ ሲሆን 12.7 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12 ቮልት ወይም ከዚያ በታች ካሳየ ተራቁቷል ማለት ነው። አዲስ ባትሪ ከመግዛት በፊት ግን የሶላሩን ገጽ መጥረግ ይቀድማል፤ የበጋ አቧራና የወፍ ኩስ የሚወስደው ኃይል ቀላል አይደለም።

ገመዱና መጋቢው

ብዙ ጊዜ ለመሣሪያው ኃይል የሚደርሰው በመረጃው ገመድ ውስጥ ነው። ይህን ኃይል የሚልከው መጋቢ ለአንዳንዱ መሣሪያ 24፣ ለሌላው 48 ቮልት ነው። መጋቢዎቹ መልካቸው ስለሚመሳሰል ቢቀያየሩ መሣሪያው ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ በእያንዳንዱ መጋቢ ላይ ቁጥሩን በትልቁ ጽፎ መለጠፍ ብዙ ገንዘብ ያድናል። የገመዱም ርዝመት ከ100 ሜትር ማለፍ የለበትም።

በዝናብ ጊዜ ብቻ የሚደክም ጣቢያ ካለ ገመዱ ውኃ አስገብቷል ብሎ መጠርጠር ይገባል። ገመዱ ወደ መሣሪያው ወይም ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ጎንበስ ብሎ እንደገና ወደ ላይ እንዲወጣ ከተደረገ፣ ውኃው ከጎንባሳው ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ምሰሶው በጉብታ ላይ የቆመ ከሆነ የመብረቅ መከላከያ ሽቦ ወደ መሬት መቀበር አለበት።

አንዱ ሌላውን ማየት አለበት

የዚህ መሣሪያ ሞገድ ተራራን አይሻገርም። ሁለቱ አንቴናዎች ሊተያዩ ይገባቸዋል። መተያየቱም ብቻ አይበቃም። ሞገዱ የሚጓዘው እንደ ክር ቀጥኖ ሳይሆን ጫፍና ጫፉ ሾጠጥ፣ መካከሉ ወፈር ብሎ ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠሩ ሁለት ጣቢያዎች 5 ኪሎ ሜትር ቢራራቁ፣ በመካከላቸው ካለው መስመር በታች ቢያንስ 7 ሜትር ተኩል ያህል ባዶ ቦታ መኖር አለበት።

ይህ ለሀብሩ ሜዳ ትልቅ ትርጉም አለው። በጥር ወር ማሳው ታጭዶ ባዶ በሆነበት ጊዜ በዝቅተኛ ምሰሶ የተተከለ ጣቢያ እየሠራ ይቆይና፣ ማሽላው ሰው የሚውጥ ቁመት ላይ በደረሰበት በመስከረም ሊደክም ይችላል። በሜዳው ያለው ማሽላ 3 ሜትር ቢደርስ፣ ለ5 ኪሎ ሜትር የሁለቱም ምሰሶ ቁመት ወደ 11 ሜትር መጠጋት አለበት። ምሰሶውን በጉብታ ላይ ማቆም ከዚህ ወጪ ያድናል። በባሕር ዛፍ አናት ላይ የሚያልፍ መስመርም ዛፉ እያደገ ሲሄድ ይዘጋል፤ በተለይ የረጠበ ቅጠል ሞገዱን ይውጠዋል።

አንቴናውን ለማቅናት ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ምሰሶው ላይ ሆኖ ቀስ እያለ ሲያዞር ሌላው የሲግናሉን ቁጥር ያነባል። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው። ከዜሮ ወደ ታች 60 ገደማ ቢያሳይ መልካም ነው፤ 85 ከደረሰ ግንኙነቱ ይቆራረጣል። በመጀመሪያ ከፍ ያለ ቁጥር የተገኘበትን ቦታ ቶሎ ማጥበቅ አይገባም፤ ዲሹ ከዋናው አቅጣጫ ውጭ በጎን በኩልም ደካማ ሞገድ ስለሚያወጣ፣ እስከ ሌላው ጫፍ ዞሮ የተሻለውን መምረጥ ይበጃል። በአንዱ ጫፍ አንቴናው ቆሞ በሌላው ጫፍ ተጋድሞ ከታሰረም ሲግናሉ እጅግ ይደክማል።

አሞላሉን ማስተካከል

ኃይሉ፣ ገመዱና አንቴናው ደኅና ከሆኑ ብቻ ወደ አሞላሉ ይገባል። በመረቡ ያሉ ጣቢያዎች በሙሉ አንድ ዓይነት የመረብ ስም፣ አንድ ዓይነት ቻናልና አንድ ዓይነት የምሥጢር ቁልፍ ሊኖራቸው ይገባል፤ ከፊደሉ አንዱ እንኳ ቢሳት ጣቢያው ለብቻው ይቀራል። የየጣቢያው አድራሻ ግን የተለያየ መሆን አለበት። ሁለት ጣቢያዎች አንድ አድራሻ ከያዙ አንዴ ይህ አንዴ ያ እየመለሰ ግንኙነቱ ይታወካል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው የሰዓት ነገር ነው። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ሰዓት የሚጠብቅ የራሳቸው ባትሪ የላቸውም። ኃይል ጠፍቶ ሲመለስ ቀኑ ወደ ኋላ ይሄድና ምሥጢር የሚጠብቁ ግንኙነቶች አንሠራም ይላሉ። መሣሪያው ሳይበላሽ ተበላሸ ተብሎ እንዳይነቀል ቀኑን መመልከት ይገባል።

ጥፋቱ የት እንደሆነ ለመለየት ደግሞ ከቅርቡ ጀምሮ ወደ ሩቁ መሞከር ነው። በመጀመሪያ የራስ ጣቢያ ይጠየቃል፤ ቀጥሎ የጎረቤቱ፣ ከዚያም የሚከተለው። መልስ የጠፋበት ቦታ የጥፋቱ ቦታ ነው። ሁሉም መልሰው ከመጨረሻው ወዲያ ዝም ካለ ችግሩ የመረቡ ሳይሆን የዋናው መስመር ነው። ደግሞም በአንድ ሬዲዮ የሚሠራ ጣቢያ በአንድ ጊዜ መቀበልና ማቀበል ስለማይችል፣ መልእክቱ ጣቢያ ባለፈ ቁጥር ፍጥነቱ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ከሦስትና ከአራት ቅብብል በላይ መደርደር አይመከርም።

ጠጋኙ ከመንደሩ ይሁን

በ1997 ዓ.ም. ገደማ ወረዳዎችን በሳተላይት ያገናኘው ወረዳ ኔትና ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተዘረጋው ስኩል ኔት ያስተማሩት ትምህርት አለ። የፕላዝማው ትምህርት በመብራት መቆራረጥና በአቅራቢያ ጠጋኝ በማጣት ይስተጓጎል እንደነበር የዚያ ዘመን መምህራንና ተማሪዎች የሚያስታውሱት ነው። መሣሪያው መጥቶ ጠጋኙ ካልመጣ ዲሹ የግቢ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ በየጣቢያው ሁለት ሰው፣ ቢቻል አንዷ ሴት፣ ከመንደሩ ተመርጠው መሠልጠን አለባቸው። የተነካውን ሁሉ ከነቀኑ የሚጽፉበት አንድ ደብተር፣ አንድ የቮልት መለኪያ፣ ትርፍ መጋቢና ትርፍ ገመድ በእጃቸው ሊኖር ይገባል። ለሥልጠናው የወልድያ ዩኒቨርሲቲና በአካባቢው ያሉ የቴክኒክና ሙያ ተቋማት አቅም አላቸው። ለጥገናው ገንዘብ ደግሞ የማንኮሲ ነዋሪዎች ያደረጉት ሊታይ ይገባዋል፤ ከጣቢያዎቹ የፀሐይ ኃይል የነዋሪውን ስልክ በአነስተኛ ዋጋ እየሞሉ ገቢ አግኝተዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ሕጉን ማክበር ያስፈልጋል። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሬዲዮ ሞገድንና የመገናኛ መሣሪያዎችን የሚቆጣጠር በመሆኑ፣ ምሰሶ ከመቆሙ በፊት ፈቃዱን መጠየቅ የግድ ነው። ያለፈቃድ የተተከለ ጣቢያ ነዋሪውን ለጥርጣሬና ለክስ ሊያጋልጠው ይችላል።

ፈቃዱ ተገኝቶ ምሰሶው ሲቆም፣ ማሽላው ከማደጉና ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ቢፈተሽ፣ ባትሪው ቢለካ፣ ደብተሩም ቢጻፍ፣ ምጥ የያዛት እናት ከጤና ኬላው ወደ መርሳ የምትላክበት መልእክት በመንገደኛ እጅ እስኪደርስ አይጠበቅም።