ለጠባብ ቤት የሚበጁ ዕቃዎች

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ሲፈርስ ብዙ ቤተሰብ በአጭር ጊዜ ዕቃውን ጠቅልሎ ተነስቷል። እናቶች ቅር ቢላቸውም፣ ቡፌ ለመጫንም ጠባብ ክፍል ለማስገባትም ያስቸግራል። ብዙ ሥራ ያለውን እናስቀድም። ሽርጥ ይለበሳል፣ ሌሊት ይደረባል፣ ንጹሕ ከሆነ ይሰገድበታል፣ ቤት ሲለቀቅ ልብስ ይቋጠርበታል። ሳፋም ልብስ ይታጠብበታል፣ ሰሃን ይጓጓዝበታል።

ከሁሉ የሚበልጠው ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል፤ ሙድ የመካከለኛ ሰው ሁለት እጅ ተገጥሞ የሚይዘው ሲሆን ከአንድ ሊትር ያንሳል። ስለዚህ ውሃ በጠፋ ቀን፣ በኢብሪቅ ቀስ ተብሎ ከፈሰሰ፣ አንድ ጀሪካን ለአምስት ሰው ውዱእ ይበቃል። የዘይት የነበረውን በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግማችሁ እጠቡ፤ ኬሚካል የነበረበትን ግን ቤት አታስገቡ።